ብሔረሰብ ዞን ወይስ የራስ ክልል?

አዊ በአማራ ክልል ውስጥ የብሔረሰብ ዞን ነው። የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአዊኛ ይማራሉ። ቀላል ነገር አይደለም። ልዩነቱ የሚወጣው ብር ላይ ነው። የፌዴራሉ ድጎማ የሚሄደው ለክልል ነው፤ ዞን ድርሻውን ከክልሉ ይጠብቃል።

ሲዳማም እስከ 2012 ዓ.ም. ዞን ነበር። ብሔረሰቦች የራሳቸውን ክልል የመመሥረት መብት በሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ክልል ልሁን ብሎ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 10 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ክልል ሆነ። አሁን ድጎማው በቀጥታ ይደርሰዋል፤ የራሱ ፖሊስም አለው። ግን ክልል መሆን ማለት ቢሮ በቢሮ ላይ መክፈት ነው፤ ደመወዙም በዚያው ልክ ነው (ይህን በሰልፍ ላይ የሚያነሳ የለም)። ሲዳማ በሕዝብ ብዛቱ ይችለዋል። እንደ አርጎባ ላለ አነስተኛ ብሔረሰብ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በጀቱ የማይቆራረጥበት ልዩ ወረዳ (በዞን ሥር ሳይሆን በቀጥታ ለክልሉ ተጠሪ የሆነ ወረዳ) ይሻላል።