ክሎሪን ያልበላው የዋና ልብሴ፣ ከወራት በኋላ

«በደብረ ብርሃን ብርድ ዋና?» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብንኖርም፣ ውሃው የሚሞቅ ገንዳ ከተገኘ ይዋኛል። እኔ ለልምምድ ነው በየሳምንቱ ደጋግሜ የምገባው፤ ስለዚህ ልብሱን ስገመግም ምሕረት የለኝም።

የአሁኑ ጥቁር፣ አንድ ወጥ ነው። ውስጡ የተሰፋው ጽሑፍ ግማሹ ፖሊስተር፣ ግማሹ ፒቢቲ ይላል። ፒቢቲ ራሱ የፖሊስተር ዘመድ ነው፤ ላስቲክ ሳይገባበት በራሱ ትንሽ ይለጠጣል። ዋናው ጉዳይም እሱ ነው። አብዛኛው የዋና ልብስ የሚሠራው ከናይለንና ከላይክራ ነው (የሚለጠጠው የላስቲክ ክር ነው፤ ኢላስቴን ወይም ስፓንዴክስ ተብሎም ይጻፋል)፤ ክሎሪን ደግሞ ቀድሞ የሚበላው ላይክራውን ነው። የቀድሞው ልብሴ እንደዚያ ነበር። ሲገዛ ልክክ አለ፣ ብዙም ሳይቆይ መቀመጫው ሳሳ፣ ማንገቻው ረዘመ፣ ግድግዳውን ገፍቼ በተወረወርኩ ቁጥር ደረቱ ውሃ ይሞላ ጀመር፣ በመጨረሻ ብርሃን ላይ ስይዘው ወንፊት ሆኗል።

ይኸኛው ልኩን አልለቀቀም። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፣ ከገንዳው ጠርዝ ጋር የሚፋተገው ቦታም ጸጉር አውጥቷል። ስፌቱ ግን ደህና ነው።

ምቾቱን ካነሳን፣ ከላይክራው ያንሳል። አዲስ እያለ ድርቅ ያለ ነው፣ ሰውነት እርጥብ ከሆነማ ለመልበስ ትግል ነው። ላይክራ ሲሆን «መላላቱ አይቀርም» ተብሎ አንድ ቁጥር ይቀነሳል፤ ይህን ግን በልካችሁ ግዙ፣ አይላላላችሁም። «ላይክራ ኤክስትራ ላይፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካገኛችሁ ከተራው ላይክራ ይሻላል፣ ፒቢቲን ግን አይደርስበትም።

አያያዙ ቀላል ነው። ከመግባቴ በፊት ሻወር ላይ በንጹህ ውሃ አረጥበዋለሁ፤ ጨርቁ አስቀድሞ ውሃ ከጠጣ ከገንዳው የሚጠጣው ይቀንሳል። ስወጣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፣ አልጠመዝዘውም፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ጫን ጫን አደርገውና ጥላ ላይ አሰጣለሁ። በበጋ የእኛ ንፋስ ወዲያው ያደርቀዋል። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ማደሩ ነው፤ ቸኩላችሁ ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታንጠለጥሉት።

ቦንዳ ላይም የዋና ልብስ ይገኛል፣ ያውም በርካሽ። ጽሑፉ ካልጠፋ አንብቡት። ከጠፋ በሁለት እጅ ለጥጡትና ብርሃን ላይ ያዙት፤ ነጫጭ የክር ጫፎች ብቅ ብቅ ካሉ ላስቲኩ ሞቷል፣ መልሱላቸው።

የፒቢቲው ዋጋ ከተራው ይበልጣል። ስፒዶ «ኢንዱራንስ ፕላስ»፣ አሬና ደግሞ «ማክስላይፍ» ብለው የሚሸጡት ጨርቅ የዚህ ዓይነት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡ። በዓመት አንዴ ሶደሬ ወርዳችሁ ለምትነከሩት ግን ምን አስጨነቃችሁ፣ የቦንዳው ይበቃችኋል።