ከስምንት ወር በኋላ የፕሌት ሙቀት መለዋወጫችንን ከፈትኩት

ባለፈው ሳምንት ነው የከፈትኩት። የመጀመሪያውን ፕሌት (ስስ ባለ ሸንተረር ብረት ነው) ነጥዬ ሸንተረሩን በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቀጭን ጭቃ ነው፣ ሲያሹት ግን ደቃቅ የከሰል ብናኝ ይሆናል። ስምንት ወር ሙሉ አምኜው የኖርኩት ዕቃ ውስጡ ይህን ይመስል ነበር።

ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከጭስ የምንለየው ጋዙን በሚይዝ አሚን በሚባል ኬሚካል ነው፤ እኛ ጋ ውሃ ውስጥ 30 በመቶ ኤምኢኤ (ሞኖኤታኖልአሚን፣ አንዱ የአሚን ዓይነት)። ጋዙን የጠገበው ፈሳሽ 50 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይመጣል። ጋዙን እንዲለቅ 120 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ለቆ የሚመለሰው ደግሞ እንደጋለ ነው። ሁለቱ ሳይነካኩ ሙቀት የሚቀባበሉት እዚህ ዕቃ ውስጥ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ ያላቸው የሙቀት ልዩነት በጠበበ ቁጥር ቦይለሩ ያርፋል።

ሲተከል ልዩነቱ 5 ዲግሪ ነበር። በድሮው የቱቦ መለዋወጫ ከ10 በታች መውረድ አቅቶን ለኖርን ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ቀስ እያለ 6፣ 8 ሆነ። ባለፈው ወር 11 ገባ። በእኛ የፈሳሽ መጠን ሳሰላው፣ የጨመረው 6 ዲግሪ ለአንድ ቶን ጋዝ ወደ 0.4 ጊጋጁል ተጨማሪ ሙቀት ይበላል። ጠቅላላ ፍጆታችን 4 አካባቢ ነው። አንድ አስረኛ በከንቱ!

ሻጮቹ «ፈሳሹ ሸንተረሩ ውስጥ እየተናወጠ ስለሚያልፍ ራሱን ያጸዳል» ነበር ያሉኝ። መናወጡ እውነት ነው፤ ሙቀቱ ቶሎ የሚተላለፈውም በእሱ ነው። ግን ወንድሞቼ፣ በፕሌቶቹ መሃል ያለው ክፍተት እኮ ጥቂት ሚሊሜትር ነው! ፈሳሹን ከምናጣራበት የከሰል ማጣሪያ ያመለጠ ብናኝ እዚያ ገብቶ የት ይሄዳል? «ከከሰሉ ቀጥሎ ደቃቅ ማጣሪያ አላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?

ደግነቱ ዕቃው ይከፈታል። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፣ ብሎኖቹን በየተራ አላላን፣ እያንዳንዱን ፕሌት በለስላሳ ብሩሽ አጠብን። የሽቦ ብሩሽ ያመጣውን ልጅ መለስኩት፤ ሽቦ ብረቱን ይጭረዋል፣ ዝገትም ይጋብዛል። ከጋስኬቶቹ (ፈሳሹ እንዳያፈስ በፕሌቶቹ ጠርዝ የሚገቡት ጎማዎች) ሁለቱ ብቻ ተቀየሩ። ስናጠብቅ የዕቃው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ርቀት በሜትር እየለካን፣ አራቱንም ማዕዘን እኩል ነው። የቱቦው መለዋወጫ ቢሆን የቱቦዎቹን ጥቅል ለማውጣት ክሬን ባስጠራን ነበር።

ማታ አስነሳነው። ስክሪኑ ፊት ቆሜ ጠበቅኩ። 5.5 ላይ ረጋ። በደስታ ጮህኩ!

ስለዚህ አልጸጸትም። ነገ ግዛ ብባል ይሄንኑ ነው የምገዛው። ደቃቁ ማጣሪያ ግን ከእሱ ቀድሞ ይተከላል።