ከንፈሩ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፦ «ለአንድ እፍኝ ዶላር»ን እንዳየሁት

የእንጀራ ነገር ሆኖ ፊልም የማየው በጆሮዬ ነው። የቱርክ ድራማ ወደ አማርኛ ዱብ ሲደረግ ድምፅ እሰጣለሁ። ብዙ ጊዜ ክፉ ምራት ነኝ። ልጅ ሲታጣ ደግሞ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ እሆናለሁ። ቅዳሜ ማታ አባዬ ቤት ተሰብስበን «ለአንድ እፍኝ ዶላር»ን ስናይ፣ ገና ከመጀመሩ ታናሽ ወንድሜ «ይሄ ፋይል ተበላሽቷል፣ ድምፁና ከንፈራቸው አይገጥምም» አለ። ሳቄ መጣ።

አልተበላሸም። ሲሠራም እንደዚያው ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ የጣሊያን ካውቦይ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ሊዮኔ። ቴክሳስ የሚመስላችሁ አቧራ የስፔን አቧራ ነው፤ የአልሜሪያ። ገንዘቡን ጣሊያኖች፣ ጀርመኖችና ስፔኖች አዋጥተውታል። ተዋንያኑም ከየአገሩ ናቸው። ክሊንት ኢስትውድ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ጂያን ማሪያ ቮሎንቴ በጣሊያንኛ ይመልስለታል። ካሜራው ሲቀርጽ ስለ ድምፅ የሚጨነቅ የለም። ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባል። እኔ በየቀኑ የምሠራው ሥራ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ዋናው ፊልም ራሱ ዱብ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሳን ሚጌል የምትባል የሜክሲኮ ድንበር መንደር አለች። ሮሆ እና ባክስተር የሚባሉ ሁለት ቤተሰቦች ተፋጠውባታል፤ አንዱ መጠጥ ይነግዳል፣ ሌላው ጠመንጃ። አንድ እንግዳ (ኢስትውድ ነው) ይመጣና ለሁለቱም እየሠራ ከሁለቱም ይበላል። ሐሳቡ ከጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ የ1961 ፊልም፣ ከ«ዮጂምቦ» የተወሰደ ነው፤ ያውም ሳይጠየቅ። ጃፓኖቹ ከሰሱ፤ ከገቢው 15 በመቶ ተሰጣቸው። እሰይ፣ ይገባቸዋል።

እንግዳው መንደሯ የሚገባው በበቅሎ ነው። አባዬ እስከዚያ ድረስ ትራሱ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ቀና አለ።

«በበቅሎ ነው እንዴ የመጣው? ሹም ነው ማለት ነዋ!»

አይደለም። እዚያ አገር በቅሎ መሳቂያ ነች። አራት ወሮበሎች እግሯ ሥር ተኩሰው ያስበረግጓታል፤ ይስቃሉ። ሰውየው ዝም ብሎ ያልፋል። በኋላ ተመልሶ ወደ እነሱ ሲሄድ መንገድ ላይ ለሬሳ ሣጥን ሠሪው ሦስት ሣጥን እንዲያዘጋጅ ይነግረዋል። ወሮበሎቹ ጋ ሲደርስ ደግሞ በቅሎዬ ተቀይማለች፣ ይቅርታ ጠይቋት ይላቸዋል። እዚህ ጋ ድምፁን ከፍ አድርጉና ስሙት። መጀመሪያ አራቱም ይስቃሉ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ይከስማል። ሰውየው ፖንቾውን ትከሻው ላይ ይመልሳል፤ ልክ ጋቢ እንደሚመለስ። ከዚያ ተኩሱ። ሽጉጥ እንደዚያ አይጮኽም፤ መድፍ ነው የሚመስለው። ሲመለስ ሣጥን ሠሪውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ለካ አራት ኖሯል።

«በቅሎ ይሰደባል እንዴ!» አለ አባዬ። ከዚያ በኋላ አልተኛም።

ሙዚቃው ላይ ትንሽ ልቆይ። ያቀናበረው ኤኒዮ ሞሪኮኔ ነው፤ ከሊዮኔ ጋር አንደኛ ደረጃ አብረው ተምረዋል። ዋናው ዜማ ቀደም ሲል ለአንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ ከሠራው ቅንብር የመጣ ነው። ጊታር አለ፣ ደወል አለ፣ የወንዶች ድምፅ አለ። ከሁሉም በላይ የአሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ ፉጨት አለ። መሀል ላይ ደግሞ ጅራፍ ይጮኻል። ቡሄ ሰሞን ሰፈር ውስጥ ጅራፍ ሲጮኽ የሰማ ሰው ያቺን ድምፅ አይስታትም። ጆሮን ጠው አድርጋ ታልፋለች።

ስሞቹን ደግሞ ተመልከቱ። ያኔ ካውቦይ የጣሊያን ነው ከተባለ አይሸጥም ብለው ፈሩና አሜሪካዊ ስም ለጠፉ። ሞሪኮኔ «ዳን ሳቪዮ»፣ ቮሎንቴ «ጆን ዌልስ» ሆኑ። ሊዮኔ ደግሞ «ቦብ ሮበርትሰን» ተባለ። የሊዮኔ አባት ድምፅ አልባ ፊልሞች ሲሠሩ ሮቤርቶ ሮቤርቲ በሚል ስም ዳይሬክተር ነበሩ። ልጁም የሮበርት ልጅ ነኝ አለ። እንደኛው በአባቱ ስም ተጠራ ማለት ነው። ይህቺን ወድጃታለሁ።

እኔ ሁለቱንም ድምፅ አዳምጫለሁ። በጣሊያንኛው ኢስትውድን ሆኖ የሚናገረው ኤንሪኮ ማሪያ ሳሌርኖ ነው። የሚያምር፣ ሙሉ፣ የቴአትር ቤት ድምፅ። በእንግሊዝኛው ኢስትውድ ራሱ ነው፤ ፊልሙ አሜሪካ በ1967 ሲታይ የተሰማው ማለት ነው። እሱ ያንሾካሹካል። ሳሌርኖ ሲናገር ሰውየውን ነው የምሰማው። ኢስትውድ ሲናገር ግን ነፋሱንም የጫማውን ኮቴም እሰማለሁ፣ ቦታ ይተውላቸዋላ። እኛ ስቱዲዮ እንደዚያ ባንሾካሽክ ቴክኒሺያኑ «ቁርስ አልበላሽም?» ይለኛል። ኢስትውድ 15,000 ዶላር ነው የተከፈለው አሉ፤ ለዚያ ሹክሹክታ ርካሽ ነው።

የማይጥመኝም አለ። ከሮሆዎቹ አንዱ፣ ራሞን፣ ከባሏ ነጥቆ የያዛት ማሪሶል የምትባል ሴት አለች። የትንሽ ልጇ ድምፅ በእንግሊዝኛው ትልቅ ሴት ነች፤ በፍጹም አትደብቀኝም። አፍንጫዋን ጠበብ አድርጋ፣ ጉሮሮዋን አቅጥና ስታለቅስ የራሴን ገመና ያየሁ መሰለኝ። ማሪሶልም ራሷ ከመመልከት በስተቀር ብዙ የምትሠራው የላትም። ተዋናይቷ ማሪያኔ ኮህ ያን የመሰለ ፊት ይዛ መስኮት ላይ ትቆማለች፣ በቃ። (ኋላ ላይ ትወናውን ትታ ሐኪም ሆናለች፤ ደግ አደረገች።) እንግዳው ሲደበደብ ያለው ክፍልም ረዘመብኝ። ወሮበሎቹ እየመቱ ይስቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ይስቃሉ። ወንድሜ እዚያ ጋ ተነስቶ ቡናውን አፈላ፤ ሲመለስ ገና ይስቃሉ።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ራሞን ዊንቸስተር ጠመንጃውን ደግኖ እንግዳው ልብ ላይ ሲተኩስ፣ እንግዳው ሲወድቅና ሲነሳ፣ አባዬ «ጋቢ ስንት ነገር ይደብቃል!» ብሎ አጨበጨበ። ወንድሜ ግን እስከ መጨረሻው ከንፈር ሲያይ ነው ያመሸው። አንድ ሰዓት ተኩል አልፎታል፣ አንድም ዓረፍተ ነገር አልገጠመለትም። ከአሥር ስድስት ሰጠው። አባዬ ለበቅሎዋ አሥር ሰጠ።

ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮ ስገባ ያ የስምንት ዓመት ልጅ ይጠብቀኝ ነበር። «እማዬ!» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። አፍንጫዬን ላለማጥበብ አራቴ ደገምኳት።