ዘጠነኛው ፊደል፦ የኤሌክትሮኒክስ ኪታችን ከሰባት ወር በኋላ

ይህን ኪት ሦስት የክፍል ጓደኛሞች አዋጥተን የገዛነው፣ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር ለሚባለው ትምህርት በቡድን ሠርተን የምናቀርበው ፕሮቶታይፕ (የሙከራ ሞዴል) ስለነበረን ነው። አሁን ሰባት ወር ሞላው። በውስጡ አርዱይኖ ኡኖ የሚባለውን፣ በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ንድፍ ተከትሎ የተሠራ ቦርድ፣ ብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ሽቦዎች፣ ጥቃቅን መብራቶች፣ የሚጫኑ ቁልፎች፣ የርቀት ሴንሰርና በሁለት መስመር 32 ፊደላት የሚያሳይ ስክሪን አለ። ከስክሪኑ በቀር ሌላው ሁሉ የሚጠበቅበትን ሠርቷል፤ ስለዚህ የምጽፈው ስለ ስክሪኑ ነው።

የሠራነው በባሕር ዳር የጀልባ መሳፈሪያ ላይ የሚቀመጥ የዋንዛ ሣጥን ነው። በክዳኑ ላይ የጣና ሐይቅ ካርታ ተቀርጿል፤ ጀልባ የሚጠብቅ ሰው ከአራት ገዳማት የአንዱን ቁልፍ ሲጫን ቦታው በካርታው ላይ ይበራል፣ ስሙም በስክሪኑ ይወጣል። የመረጥናቸው ክብራን ገብርኤል፣ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ዳጋ እስጢፋኖስና በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴ ናቸው።

ኪቱን የሸጠልን ሰው ስክሪኑ ማንኛውንም ቋንቋ እንደሚጽፍ አረጋግጦልን ነበር። አማርኛ ስንልክበት ግን የወጣው ትርጉም የሌለው የምልክት ድርድር ነው። የዚህ ዓይነት ስክሪን በቺፑ ውስጥ ታትመው የተቀመጡ ፊደላት ብቻ አሉት፤ የላቲን ፊደል አለ፣ በብዙዎቹ ላይ የጃፓን ካታካና ሳይቀር አለ፣ የእኛ ፊደል ግን የለም። ጊዜው ስላጠረብን ስሞቹን በላቲን ፊደል ጽፈን ወደ መሳፈሪያው ወሰድነው። ያገሬው ሰዎች ቀርበው ያዩትና «ይህ ለፈረንጅ ነው» ብለው ያልፉ ነበር። ማንም ቁልፉን አልነካም። ካርታው የሚያውቁት ሐይቅ፣ ስሞቹም ከልጅነታቸው የሰሟቸው ናቸው፤ ነገር ግን ሣጥኑ ለእነርሱ እንዳልተሠራ ገና ሳይነኩት ስክሪኑ ነግሯቸዋል።

ከዚያ በኋላ ፊደሉን ራሳችን ለመሥራት ወሰንን። ስክሪኑ ተጠቃሚው የሚስላቸውን ምልክቶች የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው፤ የእያንዳንዱ ምልክት ስፋት 5 ነጥብ፣ ቁመቱ 8 ነጥብ ነው፤ ቦታው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ8 ምልክት በላይ አይዝም። ባለካሬ ደብተር ላይ ፊደላቱን ስንስል ስንሰርዝ ሁለት ሳምንት ፈጀን። ከሁሉ ያስቸገረን «ጢ» ነው። ሦስቱ እግሮች ተለያይተው እንዲታዩ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ዓምድ ይወስዳሉ፤ ሣልሱን ከግዕዙ የምትለየው በቀኝ እግሩ ግርጌ የምትወጣው ምልክት ስድስተኛ ዓምድ ትፈልጋለች፣ ስድስተኛ ዓምድ ግን የለም። የዳጋን ስም አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከልማድ የተነሣ «እስጢፋኖስ» ብሎ ያነበዋል፤ የማያውቀው ግን «እስጠፋኖስ» ቢል አልፈርድበትም።

የስምንቱን ገደብ በተመለከተ ናርጋ ሥላሴ 6፣ ዳጋ እስጢፋኖስ 7 የተለያዩ ፊደላት ስላሏቸው አላስቸገሩንም። ክብራን ገብርኤል «ብ» ስለምትደገም በትክክል 8 ሆነ፤ ያን ጊዜ የተደሰትነውን አልረሳውም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን አንድም የሚደገም ፊደል የለውም፤ 9 ነው። ዘጠነኛዋን «ት» ስንጨምር የመጣውን ስሕተት አላስተዋልንም፤ በዚያ ምሽት ያየነው የቃሉን መጨረሻ ብቻ ነበር፣ እሱም ትክክል ነበር።

በማግሥቱ አንድ አዛውንት ባለ ጀልባ ቁልፉን ተጭነው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎም «ልጆቼ፣ ይህ ትራ ኪዳነ ምሕረት የምትሉት የትኛው ነው? 30 ዓመት ስመላለስ የማላውቀው ገዳም አለ ማለት ነው?» አሉን። ዘጠነኛው ፊደል ለራሱ ቦታ ስላጣ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ተጽፎ ኖሯል፤ በስክሪኑ ላይ የነበረችው «ዑ»ም ወዲያው «ት» ሆናለች። ዕቃ ሲሳሳት ተጠቃሚው ራሱን እንደሚወቅስ በክፍል ተምረናል። ሐይቁን ከማናችንም በላይ የሚያውቁ ሰው የእኛን ሣጥን ከመጠራጠራቸው በፊት ዕውቀታቸውን ሲጠራጠሩ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። «አባባ፣ የተሳሳትነው እኛ ነን» ብለን ይቅርታ ጠየቅናቸው።

ሻጮች «ኪቱ ለመማሪያ ነው፣ ለምን በእንግሊዝኛ አትጽፉበትም?» ይሉኝ ይሆናል። ለመማሪያ መሆኑን እቀበላለሁ፤ የምንማረው ግን ሰው ከዕቃ ጋር እንዴት እንደሚግባባ ስለሆነ፣ በዙሪያችን ያለውን ሰው ማናገር የማይችል ስክሪን ለዚህ ትምህርት አይበቃም። ሌላም የሚቆጨኝ አለ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ስለሚታዘዝ ማንኛውንም ፊደል በነጥብ መሣል የሚቻልበት ትንሽ ስክሪን ቀድሞውኑ በገበያ ላይ ነበር፣ የነገረን ግን የለም።

ያንኑ ስክሪን ኋላ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ስፋቱ 128፣ ቁመቱ 64 ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል 16 በ16 ነጥብ ሰጠነው፤ አራቱ ስሞች የሚያስፈልጓቸው 26 ፊደላት በድምሩ 832 ባይት ብቻ ያዙ፣ «ጢ»ም ምልክቷን በሙሉ አገኘች። ስክሪኑ ከቦርዱ 2 ኪሎባይት የሥራ ማስታወሻ ግማሹን ይወስዳል፤ ቢሆንም ቦርዱ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልቆመብንም። በቦርዱ አልጸጸትም። አርዱይኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሪያ ሲጀመር የታሰበው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ላልሆኑ የዲዛይን ተማሪዎች ነበር፤ ንድፉ ማንም እንዲሠራበት ክፍት በመሆኑም የእኛን የመሰለ ርካሽ ቦርድ ሊሠራ ችሏል። ተመልሼ ብገዛ ቦርዱን፣ ቁልፎቹንና ሽቦውን ለብቻ፣ ስክሪኑን ደግሞ ባለ ነጥቡን እገዛ ነበር።

ሙሉ ኪት ለመግዛት የምታስቡ የባሕር ዳር ተማሪዎች ካላችሁ፣ ሻጩ ስክሪኑ አማርኛ ይጽፋል ሲላችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ፊታችሁ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ብሎ እንዲያስጽፍላችሁ ጠይቁት።