የግቢ ሣር ማጨጃ ንጽጽር፦ በእጅ የሚገፋ፣ ባለ ገመድ፣ ባለ ቤንዚን ወይስ ባለ ባትሪ?

በሜሪላንድ፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የግቢ ሣር በብርቱ የሚያድገው በኤፕሪልና በሜይ ነው። ይህ ወቅት ፋሲካ የሚውልበት፣ ቤት በእንግዳ የሚሞላበትና ልጆች ከክረምቱ በኋላ ወደ ውጭ የሚወጡበት በመሆኑ፣ ባለ ግቢ ቤት ገና የገዛ ቤተሰብ ማጨጃ ፍለጋ ወደ መደብር የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ያኔ፣ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ በችኮላ የተገዛ ማሽን ለግቢው ሳይስማማ ቀርቶ በሁለተኛው ዓመት ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ ሲቀመጥ በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ በራሴም ቤት ደርሷል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልግለጽ። የመሬታቸው ስፋት ከሩብ ኤከር ለማይበልጥ አብዛኞቹ ቤተሰቦች የሚሻለው ባለ ባትሪ ማጨጃ ነው። ይሁን እንጂ ባለ ባትሪ ማጨጃ የሚገዛ ሰው ከማሽኑ ይልቅ መመርመር ያለበት ባትሪውን ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ የሚመረጠው ባትሪ ነገ የሚገዛውን የቅጠል መንፊያ (የወደቀ ቅጠልን በነፋስ የሚገፋ መሣሪያ) እና የጠርዝ መቁረጫ አብሮ ይወስናል። ሌሎቹ ሦስት ዓይነቶችም ተገቢ ቦታ አላቸው።

ማሽን ከመምረጥ በፊት መታወቅ ያለበት የሚታጨደው ሣር ስፋት ነው። አንድ ኤከር 43,560 ስኩዌር ፊት ስለሆነ ሩብ ኤከር ወደ 10,900 ስኩዌር ፊት ይጠጋል፤ በቤቱ ሰነድ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ቤቱ ያረፈበትን፣ የመኪና መግቢያውንና በረንዳውን ስለሚጨምር፣ በእርግጥ የሚታጨደው ከዚያ በብዙ ያንሳል። የፊቱንና የኋላውን ግቢ ርዝመትና ወርድ በእርምጃ ለክቶ ማባዛት ይበቃል። በታውንሃውስ የሚኖር ሰው ደግሞ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር የፊት ለፊቱን ሣር ያሳጭድ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የሚያሳጭድ ከሆነ የቀረው የኋላ ግቢ ብቻ ነውና ምርጫው ይለወጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሣሩ ዓይነት ነው። በዚህ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ቶል ፌስኩ የሚባለው ሣር ሲሆን፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን ከ3 እስከ 4 ኢንች ቁመት ላይ እንዲታጨድ ይመክራል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቁረጥም ሥሩን ያዳክመዋል። ብዙዎቻችን ሣሩን ወደ መሬት ተጠግቶ መላጨት ንጽሕና ይመስለናል፤ ሆኖም አጥሮ የታጨደ ፌስኩ መሬቱን ማጥላት ስለማይችል የአረም ዘር በቀላሉ ይበቅልበታል፣ በጁላይ ሙቀትም ቶሎ ይቃጠላል። እርግጥ ነው፣ ረዘም አድርጎ ማጨድ ሣሩን መተው ማለት አይደለም፤ በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ከ12 ኢንች፣ በዲሲ ደግሞ ከ10 ኢንች በላይ ያደገ የግቢ ሣር ባለቤቱን ያስጠይቃል። እንግዲህ የሚገዛው ማሽን ቁመቱ እስከ 4 ኢንች መስተካከል የሚችል መሆን አለበት። ይህ አንድ መስፈርት ብቻ ብዙ ሞዴሎችን ከውድድር ያወጣል።

በመጀመሪያ ከሚወጡት መካከል አብዛኞቹ በእጅ የሚገፉት ሞተር አልባ ማጨጃዎች ናቸው። እነዚህ ሲገፉ ጎማው የተጠማዘዙትን ስለቶች እያሽከረከረ ሣሩን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፤ ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ነው፣ ነዳጅም ሆነ መብራት አይፈልጉም፣ ማለዳ ቢታጨድባቸው ጎረቤት አይቀሰቅሱም፣ ጋራዥ በሌለው ቤት እንኳ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። አቆራረጣቸውም ንጹሕ ስለሆነ የሣሩ ጫፍ ተቀዶ አይነጣም። ችግራቸው ግን ብዙዎቹ ከ3 ኢንች በላይ ከፍ የማይሉ መሆናቸውና የጸደይን ሣር አለመቻላቸው ነው። በኤፕሪል አንድ ሳምንት ዝናብ ጥሎ ሳይታጨድ ከቆየ፣ የረዘመው ሣር ከስለቱ ፊት ይተኛና ሳይቆረጥ ያልፋል፤ ከዛፍ የወደቀች ትንሽ እንጨትም ስለቱን ታቆመዋለች። ከ2,000 ስኩዌር ፊት ያነሰና ዛፍ ያልበዛበት ሜዳ ያለው፣ በጸደይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለማጨድም ጊዜ ያለው ሰው ሳይቆጭ ሊገዛው ይችላል።

ባለ ገመዱ የኤሌክትሪክ ማጨጃ በዋጋ ከባለ ባትሪው ያንሳል፤ የሚሞላም የሚያረጅም ነገር የለውም። በምትኩ ገመዱ ከሰውየው ጋር በየዛፉና በየአበባ መደቡ ዙሪያ ይጎተታል። ማራዘሚያ ገመዱ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ መሆን ያለበት ሲሆን፣ 100 ጫማ ለሚረዝም ገመድ 12 ጌጅ መምረጥ ይበጃል፤ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል፣ ቀጭን ገመድ ደግሞ ይሞቃል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ዛፍ የሌለውና ከሶኬት የማይርቅ አራት ማዕዘን ግቢ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ባለ ቤንዚኑ ለረጅም ዘመን ያለ ተወዳዳሪ የቆየ ማሽን ነው፤ ጉልበቱን የሚክድ የለም። ረጅምና እርጥብ ሣር አይበግረውም፣ ነዳጁ ሲያልቅ በአምስት ደቂቃ ተሞልቶ ሥራው ይቀጥላል፣ ግማሽ ኤከርና ከዚያ በላይ ለሚያጭድ ሰውም ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን ይችላል። በእጅ የሚገፋው ከ250 እስከ 400 ዶላር፣ ሞተሩ ጎማውንም ስለሚያንቀሳቅሰው በራሱ የሚሄደው ደግሞ ከ400 እስከ 700 ዶላር ገደማ ይሸጣል። በዚህ ዘርፍ ስመ ጥር የነበረው ሆንዳ በ2023 በአሜሪካ የማጨጃ ምርቱን ማቆሙን ግን ገዢ ማወቅ አለበት፤ አሁን በሰው እጅ የሚገኘው ሆንዳ በአብዛኛው ያገለገለ ነው፣ ሲገዛም እንደ ያገለገለ ዕቃ ሊመረመር ይገባል።

የባለ ቤንዚኑ እውነተኛ ዋጋ የሚታየው ከተገዛ በኋላ ነው። ዘይቱ በየ50 ሰዓቱ ወይም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይለወጣል፤ ካንዴላውና የአየር ፊልትሮው ይታያል። ከሁሉ የከፋው ነዳጁ ነው። በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለበት እርጥበት ይስባል፤ ማቆያ ኬሚካል ሳይጨመርበት ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ ይበላሻል፣ ዝቃጩም ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለውን የካርቡሬተሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። 15 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን ደግሞ ለእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ፈጽሞ አይፈቀድም። እኔ ራሴ በኖቬምበር ታንኩን በግማሽ እንደተሞላ ትቼው፣ በፋሲካ ዋዜማ እጄ እስኪዝል ገመዱን ስስብ ውዬ ሳይነሳልኝ ቀርቷል። ጥገና ቤቶች በዚያ ወቅት ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ ማሽኑ ካርቡሬተሩ ተጠርጎ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሆን፣ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። በመጸው የመጨረሻውን እጨዳ ከጨረሰ በኋላ ነዳጁን አሟጦ የማስቀመጥ ልማድ የሌለው ሰው ባለ ቤንዚን ባይገዛ ይሻለዋል።

ባለ ባትሪው በአዝራር ይነሳል፣ ጭስ የለውም፣ ድምፁ በጣም ይቀንሳል፣ ከክረምት በኋላም ባትሪውን ከመሙላትና ስለቱን ከመሳል በስተቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። በእጅ የሚገፋው ከ300 እስከ 500 ዶላር፣ በራሱ የሚሄደው ከ500 እስከ 900 ዶላር ገደማ ያወጣል። ገዢዎች የሚሳሳቱት በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቮልት ብቻ አይተው ሲመርጡ ነው። በካርቶኑ ላይ 40 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ የሚደርስበት ጫፍ ሲሆን፣ በሥራ ላይ የሚሰጠው 36 ነው፤ 56 የተባለውም 50.4፣ 80 የተባለውም 72 ነው። ባትሪው ምን ያህል ኃይል ይይዛል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በባትሪው ጀርባ በትንሹ የሚጻፈው ዋት ሰዓት ነው፤ እሱም በሥራ ላይ የሚሰጠው ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 40 ቮልት፣ 6 አምፔር ሰዓት የተባለው ባትሪ 216 ዋት ሰዓት ሲይዝ፣ 56 ቮልት፣ 5 አምፔር ሰዓት የተባለው 252 ይይዛል። 4 አምፔር ሰዓት ብቻ ያለው ባለ 40 ቮልት ግን 144 ነው፤ ርካሽ ሆኖ የሚታየው ጥቅል ብዙ ጊዜ የረከሰው በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ ልምድ እስከ 5,000 ስኩዌር ፊት ለሚደርስ ሣር ከ250 ዋት ሰዓት ባያንስ መልካም ነው፤ በኤፕሪል ሣሩ ጥቅጥቅ ሲል ባትሪው በኦገስት ከሚቆየው በጣም ላነሰ ጊዜ ስለሚሠራ፣ ልኩ መወሰድ ያለበት በጸደይ ነው።

የአንዱ አምራች ባትሪ በሌላው ማሽን ላይ አይገባም። በሆም ዲፖ የሚሸጠው የሪዮቢ ባለ 40 ቮልት መስመርና በሎውስ የሚገኘው የኢጎ ባለ 56 ቮልት መስመር በአካባቢያችን በብዛት የሚታዩ ሲሆን፣ ሁለቱም ለቤት አገልግሎት ለማሽኑ 5 ዓመት፣ ለባትሪው 3 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። የዋስትናው ልዩነት ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ቀድሞ የሚያረጀው ባትሪው ነው፣ ለብቻው ሲገዛም ዋጋው ከማሽኑ ዋጋ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ዕድሜውን የሚያረዝመው አያያዙ ነው። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በቀዘቀዘ ጋራዥ ውስጥ መሙላት ይጎዳዋልና ክረምቱን ቤት ውስጥ፣ ሙሉም ባዶም ሳይሆን ማስቀመጥ ይገባል።

ለባትሪ እንዳደላ ያደረገኝ ሌላው ምክንያት ሕጉ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በቤንዚን የሚሠራ የቅጠል መንፊያ መጠቀም ተከልክሏል፤ በሞንጎመሪ ካውንቲም መሸጡ ከጁላይ 1 ቀን 2024፣ መጠቀሙ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ታግዷል። ክልከላው ማጨጃን አይመለከትም። ይሁን እንጂ በዚሁ ካውንቲ በሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትልልቅ ዛፎች ባሉበት ግቢ የሚኖር ሰው በኦክቶበር ቅጠሉን በአንድ ነገር መግፋት አለበት፤ መንፊያው የግድ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ የማጨጃው ባትሪ ያንኑ መንፊያ ሲያንቀሳቅስለት ሁለተኛ ባትሪና ሁለተኛ ቻርጀር ከመግዛት ይድናል።

ግቢው ተዳፋት ከሆነ በራሱ የሚሄድ፣ ያውም የኋላ ጎማው የሚጎትት ማሽን መግዛት ያስፈልጋል፤ የፊት ጎማው የሚጎትተው ለመዞር ቢቀልም ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ተዳፋት በእግር እየተሄደ ሲታጨድ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን አግድም ይታጨዳል። በአሜሪካ ከ1982 ጀምሮ ለቤት የሚሸጥ በሞተር የሚሠራ ተገፊ ማጨጃ እጀታው ሲለቀቅ ስለቱ በ3 ሴኮንድ ውስጥ እንዲቆም ሕግ ያዛል፤ ያገለገለ ማሽን ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ፤ አንዳንዶች የእጀታውን ማንሻ እንዳይለቀቅ በሽቦ አስረው ይሸጡታልና።

በመደብሩ ውስጥ ማሽኑን ይዞ መግፋት ያለበት ደግሞ በየሳምንቱ የሚያጭድበት ሰው ራሱ ነው። ከአገር ቤት መጥተው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አባቶች የግቢውን ሥራ በፍቅር እንደሚይዙት አውቃለሁ፤ ለእነሱ የሚገዛ ከሆነ የማስነሻ ገመዱን መሳብ ለትከሻቸው ይከብድ እንደሆነ፣ እጀታው በቁመታቸው ልክ ይስተካከል እንደሆነ፣ የጎማውን ከፍታ የሚለውጠው ማንሻም በአንድ እጅ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዚያው ሞክረው ይዩት።