ቸቲናድ ወይስ ቪንዳሉ? የሚያቃጥል የህንድ ዶሮ በቤት

ሁለቱም ያቃጥላሉ፤ አቃጣጠላቸው ግን ለየቅል ነው። ቸቲናድ የደቡብ ህንዷ ግዛት የታሚል ናዱ ነው፣ የቁንዶ በርበሬ ወጥ። ቪንዳሉ ከምዕራብ ህንዷ ጎዋ፣ ኮምጣጤና ነጭ ሽንኩርት የገነነበት።

ሥራ፦ የቸቲናድ ጣጣ ቅመሙ ላይ ነው። ቁንዶ በርበሬ፣ እንስላል፣ ድንብላል፣ ዛላ በርበሬና ኮኮናት በደረቅ መጥበሻ ታምሰው ይፈጫሉ። እሳቱ ለስለስ ይበል። ኮኮናቱ ከጠቆረ ወጡ ይመራል፤ ምንም አያድነውም። የከሪ ቅጠሉ (መዓዛማ የህንድ ቅጠል ነው) ዘይት ሲነካ ስለሚንጣጣ ፊታችሁን ዞር አድርጉ። ያለ ቅጠሉ ግን ባትሞክሩት ይሻላል።

ቪንዳሉ ቀለል ይላል። በርበሬው በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ከነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ከሙንና ቅርንፉድ ጋር ይፈጫል፤ ዶሮው በዚያ ታሽቶ ፍሪጅ ያድራል። (መነሻው ፖርቹጋሎች ያመጡት የአሳማ ሥጋ ምግብ ነው።) ኮምጣጤ ካበዛችሁ ግን ሌላው ጣዕም ይጠፋል።

ወጪ፦ ቪንዳሉ ይረክሳል። ለቸቲናድ የህንድ ሱቅ ያስፈልጋል፤ ዱባይ ላላችሁ ይህ ችግር አይደለም።

ለማን? እንግዳ ለነገ ከጠራችሁ ቪንዳሉ፤ አድሮ ይብስ ይጣፍጣል። ጨጓራ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ግን ሁለቱንም ተዉት። ሰፊ ከሰዓትና ጥሩ መፍጫ ካላችሁ ቸቲናድ።