የ«ሰማያዊ ስሜት» ጣጣዬ እና ያወጡኝ የስድስት ኪሎ መምህራን

ተመረቅኩ! እሰይ በሉኝ።

በሁለት ዓመት የሚያልቅ ማስተርስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አራቱ ዓመት የት እንደገባ መጀመሪያ ልናገር። እሱን ሳልናገር ምስጋናዬ አይገባችሁም።

መጀመሪያ የተማርኩት ሌላ ቦታ ነው። ስሙን አልጠራም። ክፍያው በየሴሚስተሩ እየጨመረ፣ አማካሪዬ ደግሞ እየጠፉ ሄዱ። ስልክ አያነሱም። ካነሱም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ነው። የጻፍኩትን ስልክላቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነበር፦ «ጥሩ ነው፣ ቀጥይ።» እኔም ደስ ብሎኝ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ግን የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ሳገላብጥ ገጽ 43 ላይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የእድራችን ቃለ ጉባኤ! የድንኳን ጥገና፣ የጠፉ ሁለት ብረት ድስቶች፣ ያልቀበሩ አባላት ቅጣት፣ አንድ አልቀረም። (የእድሩን ቃለ ጉባኤ የምተይበው እኔ ነኝ፣ በዚያው ላፕቶፕ።) ያንን ገጽ አማካሪዬ ሦስት ጊዜ «ጥሩ ነው» ብለውታል።

ቀን ሳቅኩበት። ማታ አለቀስኩ።

ጓደኞቼ «ምን አደከመሽ፣ አሠሪው» አሉኝ። በየመብራት ምሰሶው ላይ «ቴሲስ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ታውቃላችሁ አይደል? ደወልኩ። ዋጋው የአራት ወር ደሞዜ ነው። «ርዕሴ እኮ እንዲህ ነው» ብዬ ላስረዳ ስል ልጁ አቋረጠኝ። «ችግር የለም፣ ያለቀ አለን፣ የከተማውን ስም እንቀይርልሻለን።» ስልኩን ዘጋሁት። ትምህርቱንም አብሬ ዘጋሁት። ሁለት ዓመት ቁጭ አልኩ።

እንደገና የጀመርኩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስድስት ኪሎ፣ ያ የድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ። የመግቢያ ፈተናውን ማለፌን የሰማሁ ቀን የየካቲት 12 ሐውልት ጋ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩላት። «አሁንስ ትጨርሺዋለሽ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል የመደበልኝ አማካሪ ሴት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አዘውኛል። ለምነውኛል ብል ውሸት ነው፣ አዘውኛል። ቀይ ፔርሙስ ከእጃቸው የማይለይ ዶክተር ካያችሁ እሳቸው ናቸው።

ርዕሴ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ለሥራ የሄዱባቸው እናቶች ድብርት ነው። ፕሮፖዛሌን ቀድሜ ልኬ ቢሯቸው ገባሁ። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። አንብበውታል! ለእኔ ያ ብቻውን በቂ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ወረቀቱ አልጀመሩም። መነጽራቸውን አወለቁና «ካንቺ ቤት ማን ነው የሄደው?» አሉኝ።

እህቴ ናት። ቤይሩት ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ። በዚህ ርዕስ ላይ ስንት ዓመት ስደክም ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ ቀደመኝ። ዶክተር ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱልኝ። ሰዓታቸውን አላዩም፣ ስልካቸውን አልነኩም፣ «አይዞሽ» እንኳን አላሉኝም። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ሳበቃ «በይ እንግዲህ፣ አሁን ወደ ወረቀቱ» አሉ። ብዙ ሰው ደግ ነው፤ ጊዜ ያለው ደግ ግን እኔ ብዙ አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ጣጣዬ። መጠይቁን የወረስኩት ከመጀመሪያው ቦታ ነው። «የተተረጎመ አለ፣ አትድከሚ» ተብዬ። ዙንግ የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት፣ 20 ጥያቄ ያለው የድብርት መለኪያ ነው። ለሙከራ 30 እናቶችን አስሞልቼ መጣሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል «አብዛኛውን ጊዜ» ብለዋል። ሲያወሩ የሚስቁት፣ ጎረቤት የሚያጽናኑት ሁሉ። እኔ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ «የተደበቀ ድብርት» የሚል ንዑስ ርዕስ ሁሉ ከፍቼለት ነበር።

ዶክተር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ከዚያ አንዱን ሰጡኝና «ቁጥር አንድን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አሉ።

«ልቤ ዝቅ ይላል፣ ሰማያዊ ስሜትም ይሰማኛል።»

«አሁን እንደ እናትሽ ሆነሽ መልሺልኝ።»

እናቴን አሰብኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ስትቀመጥ ታየችኝ። «አዎ፣ ተመስገን፣ በተለይ ከቅዳሴ መልስ።»

ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ለካ ፈረንጆቹ ሲከፋቸው «ሰማያዊ ሆንኩ» ነው የሚሉት። የተረጎመው ሰው ቀለሙን እንዳለ አምጥቶ አስቀመጠው። እናቶቹ ደግሞ የሰሙት ትሑት ልብና የሰማይ ቤት ነው። አንዷማ ሲመልሱልኝ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። እኔ «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁባቸው! አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ዶክተር አልተቆጡኝም። «መዝገበ ቃላቱን ዝጊውና ሰዎች ሲያማርሩ ስሚ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ቡና ለቡና ዞርኩ። «ከፋኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ተላወሰ»፤ ሁሉንም ጽፌ መጣሁ። ሃያውንም ጥያቄ አብረን ቁጭ ብለን እንደገና ሠራናቸው። ከዚያ እንግሊዝኛውን ጨርሶ ያላዩ ሌላ የክፍሉ መምህር አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መለሱልኝ፣ ዶክተርም ከዋናው ጋር አስተያዩት። ቅዳሜ ቀን ነው። በነጻ። ቡና ልጋብዝ ስል እሳቸው ከፈሉ።

ሦስተኛው መምህር የቁጥር ሰው ናቸው። ምን እንደሠሩልኝ እውነቱን ለመናገር እስካሁን አልገባኝም። አልፋ የሚባል ነገር አለ፣ ከ0.7 ሲያልፍ ፈገግ ይላሉ። ፈገግ ሲሉ እኔም ፈገግ አልኩ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቶኛል። ወደ መስክ ከመውጣቴ በፊት ዶክተር «ለእርዳታ የምትልኪበት ቦታ ሳታዘጋጂ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው አትጠይቂ» አሉኝ። አንዲት እናት «ባልነጋ እላለሁ» ያሉኝ ዕለት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ለዶክተር የደወልኩት። በሁለተኛው ጥሪ አነሱ። ሴትዮዋ ብቻቸውን እንዳያድሩ ማን አጠገባቸው መሆን እንዳለበት፣ እኔ ምን ማለት እንዳለብኝ ነገሩኝ። በማግስቱ አማኑኤል ሆስፒታል ደውለው ሰው አገናኙን። አማኑኤል መሄድ እኛ ሰፈር ምን እንደሚያስብል ታውቃላችሁ። ሴትዮዋ ግን ሄዱ። አሁን ደህና ናቸው፣ ባለፈው ገበያ አግኝቻቸው ስመውኛል።

ስለዚህ ሳይኮሎጂ ልትማሩ የምታስቡ፣ እባካችሁ እነዚህን ሰዎች ፈልጓቸው። በየምሰሶው ላለ ስልክ ብራችሁን አትበትኑ። እዚያው ክፍል የምትማሩና አማካሪ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ አትበሉ፣ በራቸውን አንኳኩ። ሐሙስ ከሰዓት ጥሩ ነው። ወረቀታችሁን በአንድ ፊት ብቻ አሳትሙት፣ ጀርባው ላይ ስለሚጽፉ። ካልሠራችሁ ግን እንዳትሄዱ። ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ሄጄ ሁለቴም ሻይ ሳልጠጣ ነው የተመለስኩት!

አዲሱን መጠይቅ ካስሞላሁ በኋላ ለእናቴ አነበብኩላት። ለጥናቱ አይደለም፣ ለራሴ ነው። «ይከፋኛል፣ ሆድ ይብሰኛል» የሚለው ጋ ስደርስ የምትለቅመውን ምስር አቆመች። ብዙ ቆየች። «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

«ከአስተማሪዬ ጋር ነው የጻፍነው።»

«ሴትዮዋን ቡና ጥሪልኝ።»

ባለፈው እሑድ መጡ። ፔርሙሳቸውን ይዘው።